በሁለት ቁራጭ መካከል

አባቴ ክፈፍ የሚቆርጠው ሰማዩን ወደ ታች አድርጎ ነበር።

ይህን ስናገር የሰፈር ልጆች ይስቁብኝ ነበር፤ እኔ ግን የማወራው በዐይኔ ያየሁትን ነው። ክፈፍ የምለው ግድግዳና ኮርኒስ የሚገናኙበትን ጠርዝ ዙሪያውን የሚሸፍነውን፣ ሆዱ ጎበጥ ያለውን ረጅም እንጨት ነው። አባቴ አናጢ ነው። ያንን እንጨት የማዕዘን መጋዙ ላይ ሲያስደግፈው ላይኛውን ጠርዝ ወደ ታች፣ ታችኛውን ወደ ላይ ይገለብጠዋል።

“ይኸውልሽ” ይለኛል፣ እርሳሱን ከጆሮው ላይ እያወረደ። “ይቺን ጠፍጣፋዋን የመጋዙን ገበታ ኮርኒስ ናት በያት። ከኋላ ቀጥ ብላ የቆመችውን መደገፊያ ደግሞ ግድግዳ። እንጨቱ እዚህም የሚቀመጠው ቤት ውስጥ እንደሚቀመጠው ነው፤ ተዘቅዝቆ ብቻ።”

“ቀኙስ?”

“ቀኙ ግራ ይሆናል።”

“ግራውስ?”

“አንቺ ልጅ፣ ግራ አታጋቢኝ!” ብሎ ይስቃል። ከዚያ ኮስተር ይላል። “ቀኝና ግራው ቢጠፋብሽም አይክፋሽ። ሰማዩ በየት በኩል እንዳለ ብቻ እንዳትረሺ።”

አልረሳሁም። ችግሩም የመጣው ከዚያ ነው።

ሥራ ሲያበቃ መጋዙን የምናጸዳው እኔና እሱ ነበርን። መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ገመዱን ከግድግዳው ነቅሎ ጫፉን በእጄ ያስይዘኛል። “ይሄ በእጅሽ እስካለ ድረስ ጣቶቼ የኔ ናቸው” ስለሚለኝ አፍንጫዬን ቢበላኝ እንኳ አላክም ነበር። ከዚያ ክቡን ዲስክ ይፈታና ላምባ የነካ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ በየጥርሱ መካከል ያስኬድበታል። የእንጨቱ ሙጫ እንደ ተቃጠለ ስኳር ጠቁሮ ተጣብቆበታል። “ጥርሱን ያልፋቀ መጋዝ እንጨት አይቆርጥም፤ ያኝካል” ይላል። እኔም የራሴን ጥርስ ለመፋቅ እሺ ያልኩት ከዚያ በኋላ ነው።

በመጨረሻ ፈተናው ይመጣል። ዲስኩን መልሶ አጥብቆ ቀጥ ያለ ጣውላ መሃሉን ይቆርጣል። አንዱን ቁራጭ ይገለብጥና የተቆረጡትን ጫፎች አፍ ላፍ ያገጥማቸዋል። ሁለቱን እንደያዘ ወደ መስኮቱ ያነሳቸዋል። መጋዙ በጥቂቱ እንኳ ከተዛባ በመካከላቸው ቀጭን ብርሃን ያልፋል።

“ሳትገለብጪው ብትገጥሚው ምንም አያስታውቅም” አለኝ አንድ ጊዜ። “አንዱ የአንዱን ስህተት ይሸፍንለታል። ስትገለብጪው ነው ስህተቱ እጥፍ ሆኖ የሚወጣው። ብርሃን ይታይሻል?”

አንድ ዐይኔን ጨፍኜ አየሁ። “አይታየኝም!”

“እንግዲያው መጋዛችን ሐቀኛ ነው።”

የምንኖረው በአያቴ ቤት ነበር። አያቴን ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ በዚያ ሽበታቸው ያለ መነጽር ክር በመርፌ ቀዳዳ ያስገቡ ነበር። የጎረቤት ሴቶች መርፌና ክራቸውን ይዘው ደጃችን ይመጣሉ። በቤታችን እግዚአብሔርን የሚጠራጠር ሰው ሊገኝ ይችል ይሆናል፤ የአባባን ዐይን የሚጠራጠር ግን አልነበረም።

የአባቴ ታናሽ እህትም አብራን ነበረች። ቤቱ በሙሉ እታለም ይላታል። በዚያ ዓመት እታለም ልታገባ ነው ተባለ። የሚያገቧት ጣውላ ነጋዴው ናቸው፤ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ጫማቸው ሁልጊዜ የሚያብረቀርቅ፣ ከመናገራቸው በፊት ጥቂት የሚያስሉ ሰው። አባባ ቃል ሰጥተዋቸዋል። ሠርጉ የሚሆነው ሳሎናችን ታድሶ፣ ኮርኒሱ ተመትቶ፣ ዙሪያው ክፈፍ ሲለብስ ነው። “እንግዳ ሽቅብ ቢያይ የጎደለ ነገር እንዳያይ” አሉ አባባ። ነጋዴው የክፈፉን እንጨት ስጦታ ብለው ላኩ። ለእኔ ደግሞ አዲስ ቀሚስ ሊሰፋልኝ ነው። ስለዚህ ክፈፉ ቶሎ እንዲያልቅ ከቤቱ ሰው ሁሉ አብልጬ የምመኘው እኔ ነበርኩ።

ክፈፉ ግን እንቢ አለ።

የመጀመሪያው ማዕዘን ሲቆረጥ አጠገቡ ነበርኩ። አባቴ እንጨቱን አስደገፈ። ሰማዩ ወደ ላይ ነው።

“አባዬ፣ ሰማዩ!”

ቀና ብሎ አየኝ። ሽፋሽፍቱ ላይ ሰጋቱራ ተኝቷል።

“አየሁት” አለ።

“አልገለበጥከውም እኮ!”

“አየሁት አልኩሽ፣ የኔ ቆንጆ።” እጀታውን ወደ ታች ሳበው። መጋዙ ጮኸ፤ ቁራጩ ወደቀ።

መሰላሉ ላይ ወጥቶ ሁለቱን እንጨቶች ከሳሎኑ ጥግ ሰካቸው። አንዱ ፊቱን ወደ በሩ፣ ሌላው ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ልክ እንደ ተኳረፉ ባልና ሚስት።

“አባባ!” ብሎ ተጣራ። “እንቢ አለ!”

አባባ መጡ። ሽቅብ አዩ። ከወለሉ ላይ ቁራጭ አንስተው የተቆረጠበትን ፊት በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ሱፍ እንደሚዳስሱ፣ ቀስ ብለው። “እንቢ ካለማ ምን ይደረጋል” ብለው መልሰው አስቀመጡትና ወጡ።

ያ ፊት ምን ያህል ልስልስ እንደነበር አሁን ነው የማስበው። መቁረጥ የማያውቅ ሰው እጁ ያመነታል፤ እንጨቱም ጠርዙ ላይ ይሰነጠራል። የአባቴ ስህተት አንድ ጭረት አልነበረበትም። ልብስ ሰፊ ደግሞ በቸልታ የተበላሸን ስፌት ታስቦበት ከተተረተረው ለይቶ ያውቃል።

ያኔ ግን የማውቀው ማፈርን ብቻ ነበር። አባቴ አንዱን ያሳጥራል፣ አንዱን ያስረዝማል፣ ሌላውን ሰማዩን አዙሮ ይቆርጣል። እንጨቱ ሲያልቅ ነጋዴው ሌላ ይልካሉ። ጎረቤታችን ብረት በያጁ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ “ያባትሽ ነገር! ሰው አሥር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ ይቆርጣል፤ እሱ አንድ ጊዜ ለክቶ አሥር ጊዜ!” እያለ ይስቅብኛል። እታለም ብቻ አልተናደደችም። ቁራጮቹን በቀሚሷ ጫፍ ለቅማ ምድጃ ትማግዳቸውና እጇን እያሞቀች፣ “ይሄ እንጨት ሲነድ እንዴት ደስ ይላል!” ትላለች። የራሷን ሠርግ እያነደደች የምትደሰት ሙሽራ ነገር አልገባኝ አለ።

አንድ ቀን ወጥ ቤት ውስጥ፣ ጠረጴዛው ሥር፣ በቁራጮቹ ቤት እየሠራሁ ሳለ ሰማኋቸው። እናቴ ድንች ትልጣለች። እታለም ልጣጩን በጣቷ ላይ ትጠቀልላለች።

“እስቲ ለአባባ አሁንም አንድ ጊዜ ንገሪያቸው” አለች እናቴ።

“ነገርኳቸው እኮ። ቁጭ ብለው ሰሙኝ። ሰምተው ሰምተው ‘ቃሌንስ የት ላድርገው?’ አሉኝ።”

“እውነታቸውን ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ።”

“ቃላቸውማ ክፈፉ ሲያልቅ ነው። እስከዚያ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ይከፈታል።”

አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ውሃ ይጠጣ ነበር። “እኔ መሰላሉ ላይ እስካለሁ ድረስ ምንም አትሆኚም” አላት። ብርጭቆውን አስቀመጠ። “ግን ሰው መሰላል ላይ አያረጅም፣ እታለም። አንድ ቀን እወርዳለሁ።”

እታለም ፊቷን በክንዷ ሸፈነች። የድንቹ ልጣጭ ተተርትሮ እግሬ ሥር ወደቀ።

እኔ የገባኝ እንዲህ ነው፦ እታለም ታማለች፤ በሽታዋን የሚያግደው የአባቴ መሰላል ላይ መሆን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ለምሳ በወረደ ቁጥር ሮጬ የእታለምን ፊት አይ ነበር። “ምን ታፈጭብኛለሽ?” ትለኛለች። “አባዬ ቶሎ ብላና ውጣ!” እላለሁ። ሁሉም ይስቃሉ። አንድም ሰው ምን እንዳሳቀው አልነገረኝም። እታለም አዋላጅ መሆን ትፈልግ እንደነበር፣ ትምህርት ቤቱም ያገባችን ሴት እንደማይቀበል የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

አንድ ከሰዓት ነጋዴው ራሳቸው መጡ፤ አዲስ እንጨት በትንሿ መኪናቸው ጭነው። ሳሎን ገብተው ሻይ ቀረበላቸው። ጫማቸው ላይ የተነሳውን ሰጋቱራ በመሐረባቸው ጠረግ አድርገው ሽቅብ አዩ። አራቱም ማዕዘን ክፍት ነው። መሰላሉ ላይ የቆመው አባቴ ወረደ። የእታለምን ፊት ፈለግሁ፤ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች፤ ኖራ መስላለች።

ነጋዴው አሳሉ። “ችግሩ እንጨቱ ይሆን?”

“ኧረ እንጨቱስ ሸጋ ነው” አለ አባቴ። “መጋዙ ነው። ተዛብቶብኛል።”

ጆሮዬን አላመንኩም። ትናንት ጥርሱን ፍቀነዋል። ትናንት ፈትነነዋል። አባቴን ሰነፍ ይበሉት፣ ችዬዋለሁ፤ መጋዛችንን ግን እሱ ራሱ በሐሰት ሲከስሰው ዝም ማለት አቃተኝ።

“አልተዛባም! ሐቀኛ ነው! ትናንት አይተነዋል!”

“አንቺ ልጅ” አለ አባቴ።

“ላሳያችሁ!”

“ተዪ። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም፤ ሂጂ ተጫወቺ።”

“የለም፣ ታሳየን እንጂ” አሉ ነጋዴው ለስለስ ብለው።

ሮጬ ከመስኮቱ ደፍ ላይ የትናንቶቹን ሁለት ቁራጮች አመጣሁ። አባቴ እንዳስተማረኝ አንዱን ገለበጥኩ፤ አፍ ላፍ ገጠምኳቸው፤ በእግሬ ጣት ቆሜ ወደ መስኮቱ አነሳኋቸው። አንድ ዐይኔን ጨፈንኩ። በሁለቱ መካከል ክር የምታህል ብርሃን እንኳ የለችም።

“አያችሁ!” ብዬ ዞርኩ።

ማንም አልተደሰተልኝም። አባቴ የእርሳሱን ጫፍ ያያል። እታለም የያዘችው ትሪ ላይ ሲኒዎቹ እርስ በርስ ይንቀጫቀጫሉ።

“አምጪው” አሉ አባባ።

ቁራጮቹን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ገጠሟቸው። አነሱ። ያ ክር የሚያስገቡበት ዐይናቸው ጠበበ። ቆዩ። አንድ ጊዜ ዘወር ብለው እታለምን አዩ፤ እንደገና ወደ እንጨቱ።

“ይታያል” አሉ።

“ምኑ፣ አባባ?” አልኩ።

“ብርሃኑ።”

አባቴ ቀና አለ። እንደዚያ ሲደነግጥ አይቼው አላውቅም። አባባ ቁራጮቹን እንደገጠሙ ወደ ነጋዴው ዘረጉ። “እስቲ አንተም እየው፣ ልጄ።”

ነጋዴው ብድግ ብለው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ወደ መስኮቱ አነሱት። ረጅም ጊዜ ያዩ መሰለኝ፤ ግን እንጨቱን ብቻ አልነበረም ያዩት። የአባባን ፊት አዩ፤ በሩ ላይ ያለውን ትሪ አዩ። ሳል የመጣባቸው መስሎ ነበር፤ አላሳሉም።

“አዎ፣ አባቴ” አሉ። “እርስዎ ካዩትማ ይታያል።” ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ። “ሲገለበጥ እጥፍ ሆኖ ነው የሚወጣው ይባላል፤ አይደለም?”

“እጥፍ ሆኖ ነው” አለ አባቴ በቀሰስተኛ ድምፅ።

“በጊዜ መታየቱ ደግ ነው። ቤት ከቆመ በኋላ ቢታይ ይከፋ ነበር።” ቁራጮቹን ለአባባ መለሱ። ሻያቸውን ቆመው እስከ ጠብታው ጠጡ። ሲወጡ እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ። “ጎበዝ ልጅ ነሽ። ዐይንሽን ጠብቂው።”

ያመጡትን እንጨት መልሰው አልወሰዱም። ተመልሰውም አልመጡ።

እንግዲህ ነገሩን በልጅ አእምሮ አስቡት። ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ አንዳቸው በአገሩ መርፌ ሁሉ ክር የሚያስገቡት አባባ፣ ብርሃኑን አይተዋል። ያላየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ነጋዴውም ዐይንሽን ጠብቂው ብለውኛል። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ዐይኔ እየጠፋ ነው።

ለማንም አልተናገርኩም። አንድ ዐይኔን እየጨፈንኩ በጣቶቼ መካከል ብርሃን እፈልግ ነበር። በበሩ ስንጥቅ አጮልቃለሁ፤ በእናቴ ማበጠሪያ ጥርሶች መካከል ፀሐይን አያለሁ። ይታየኛል። ግን ያቺን፣ የሁለቱን ቁራጭ ብርሃን፣ ለማየት ሌላ ዓይነት ዐይን እንደሚያስፈልግና እኔ እንደሌለኝ አመንኩ። ለክፉው ቀን ብዬም ልምምድ ጀመርኩ፤ ዐይኔን ጨፍኜ ግድግዳውን እየዳሰስኩ ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን፣ ከሳሎን እስከ ወጥ ቤት። አንድ ቀን ከመሰላሉ ጋር ተላትሜ ግንባሬ አበጠ። እናቴ፣ “ምነው፣ ዐይን የለሽም?” አለችኝ። ሙሉ ቀን አለቀስኩ።

ቤቱ ግን ተቀይሯል። ስለ ሠርጉ የሚያነሳ ጠፋ። ቀሚሴን ብጠይቅ፣ “ሆድ ይፍጀው” አለች እናቴ፤ እያለችም ታንጎራጉራለች። አባባ፣ ከወትሮው ውጪ፣ አባቴ ሲገባ ወንበር ይለቁለታል። አባቴ መጋዙን ነካ አላደረገውም። አዲስ ዲስክ አልገዛም፤ አላስተካከለውም። ተዛባ የተባለው መጋዝ ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሶ ተቀመጠ።

ከዚያ አንድ ማለዳ እታለም ሻንጣ ይዛ ወጣች። ዋናው መንገድ ድረስ ሸኘናት። አባቴ መሰላሉ ላይ አልነበረም፤ ሻንጣዋን ተሸክሞ አጠገቤ ነበር፤ እሷ ግን አልታመመችም። ከንፈሯ ቀልቷል። አባባን ጉልበታቸውን ስማ ቀና ስትል በሁለት እጃቸው አገጯን ይዘው፣ “በይ ሂጂ” ብቻ አሏት። አውቶብሱ ሲታጠፍ እስከ መጨረሻ ድረስ አየዋለሁ ብዬ ነበር። ዐይኔ እንባ ሞላና ቀድሞ ጠፋብኝ። ይኸው፣ አልኩ በልቤ፤ ብሶበታል።

ቤት እንደተመለስን አባቴ ጨርቁን ከመጋዙ ላይ ገፈፈ። ነጋዴው ትተውት ከሄዱት እንጨት አንዱን አነሳ። ገለበጠው። ሰማዩ ወደ ታች። ቆረጠ፤ ወጣ፤ መታ፤ ወረደ፤ ደግሞ ገለበጠ። አንድም ቁራጭ አልተበላሸም። ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ ዙሪያውን ክፈፍ ለብሶ ነበር። በዚያው መጋዝ! መጋዙን አየሁ፣ ኮርኒሱን አየሁ፣ አባቴን አየሁ። ላቡን እየጠረገ ጠቀሰኝ። እኔ ግን መጥቀሱ ራሱ ግራ አጋባኝ።

አባባ ገቡ። ዙሪያውን ቀስ ብለው ተመለከቱ። “አንተ ሂድ እጅህን ታጠብ” አሉት አባቴን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። “ነይ፣ ውጪ።”

መሰላሉ ላይ ወጣሁ። ቁርጭምጭሚቴን በሁለት እጃቸው ያዙ። ትኩስ የእንጨት ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ማዕዘኑ ፊቴ ላይ ነው፤ ሁለቱ እንጨቶች አፍ ላፍ ተጋጥመዋል።

“ብርሃን ይታይሻል?”

የፈራሁት መጣ። ‘ይታየኛል’ ልል ነበር፤ ሁሉም ሰው እንዲያ ሲል ሰምቻለሁ። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አባቴ ያስተማረኝ አፌን ቀደመው።

“አይታየኝም” አልኩና እንባዬ ፈሰሰ።

“ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?”

“ዐይኔ ጠፍቷል፣ አባባ። ያን ቀንም አልታየኝም። እርስዎ አዩት፣ እሳቸውም አዩት፣ እኔ ብቻ…”

አንድ እጃቸው ቁርጭምጭሚቴን ለቀቀ። የኮታቸውን ኪስ ሲፈትሹ ሰማሁ። ወደ ታች ሳይ ሁለቱን ቁራጮች አወጡ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪሳቸው ውስጥ ነበሩ። ሰጡኝ።

“ገልብጪና ግጠሚው።”

ገለበጥኩ። ገጠምኩ። ከመሰላሉ ላይ ሆኜ ወደ መስኮቱ አነሳሁት።

“አሁንስ?”

“አይታየኝም።”

“እኔም አይታየኝም” አሉ አባባ።

“ያን ቀንስ?”

“ያን ቀንም አልታየኝም። ዐይንሽ ደህና ነው። ከሁላችንም ደህና ነበር።”

“ታዲያ ለምን…”

እግሬን መልሰው በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ስፌት የጠነከረበት ጣታቸው ይሻክራል።

“ቃል አይታጠፍማ” አሉ። “መጋዝ ግን ይዛባል። በይ ውረጂ፤ ክንዴ ዛለ።”

መጋዙ ዛሬ እኔ ጋ ነው። ጥርሱን ፍቄ ሁለት ቁራጭ ወደ መስኮት ሳነሳ፣ ቃሉን ሳያጥፍ ልጁን ነጻ ያወጣው አዛውንትና እምቢታውን ቆሞ እስከ ጠብታው የጠጣው ሰው ይታዩኛል። ያን ዕለት ግን አንዱም አልታየኝም። የአባባ መልስ አልገባኝም፤ እንዲገባኝም አልጠበቅሁም። የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዐይኔ አልጠፋም።

ከመሰላሉ ዘልዬ ወደ ደጅ ሮጥኩ። የብረት በያጁን አጥር ዝገት አየሁ። በሽቦው ላይ የተደረደሩትን እርግቦች፣ የአንዷን ቀይ እግር ሳይቀር፣ አየሁ። አውቶብሱ የሄደበትም መንገድ፣ አቧራው ረግቦ፣ እስከ መታጠፊያው ድረስ ጥርት ብሎ ይታየኝ ነበር።